ምድር ከመናዷ በፊት ትናገራለች
ከኮልብሩክ የከሰል ጉድጓድ እልቂት የተገኘ ትምህርት

በ1952 ዓ.ም. በአገራችን የጥምቀት በዓል በተከበረ ማግሥት፥ ጥር 12 ቀን (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዩዋሪ 21 ቀን 1960)፥ በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ይባል በነበረው ክፍለ ሀገር፥ ከሳሶልበርግ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የኮልብሩክ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወደ 1000 የሚጠጉ ወዛደሮች እንደ ወትሮው ከመሬት በታች ተሰማርተው ነበር። በዚያው ቀን ምሽት ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያውን ተሸክመው የቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ከሌላው እየተከታተሉ ፈረሱ። ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ በተዳፋቱ መውጫ በኩል ሲያመልጥ፥ ከ430 በላይ የሚሆኑት እዚያው ቀሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ይህ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ታሪክ ከተመዘገቡት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። እልቂቱ የደረሰው በድንገተኛ የተፈጥሮ ቁጣ አልነበረም። ምድር አስቀድማ ተናግራ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። ይህንን ታሪክ ዛሬ ማንሣት የሚያስፈልገውም የሟቾቹን ቍጥር ለማስታወስ ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያ በኋላ የተካሄደው ሳይንሳዊ ምርምር ምን እንዳስተማረና ትምህርቱ አካፋና ዶማ በእጁ ለያዘ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማመልከት ነው።

ጣሪያውን የሚሸከመው ማን ነው?

የድንጋይ ከሰል ብዙውን ጊዜ ከመሬት በታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይገኛል። ይህ ንጣፍ ጨርሶ ቢወጣ በላዩ ያለው ዓለትና አፈር የሚያርፍበት ስለማይኖር ይናዳል። ስለዚህ በኮልብሩክና በመሳሰሉት ማዕድኖች የሚሠራበት ዘዴ፥ ከሰሉን በከፊል ብቻ እያወጡ፥ ከራሱ ከከሰሉ አራት ማዕዘን የሆኑ ምሰሶዎችን በየመካከሉ እየተዉ መሄድ ነው። የማዕድኑን ካርታ ለተመለከተ ሰው በሚገባ የተቀየሰች ከተማ ትመስለዋለች። መንገዶቹ ከሰሉ የወጣባቸው ዋሻዎች ሲሆኑ፥ በመንገዶቹ መካከል እንደ ቤት ተደርድረው የሚታዩት ደግሞ ሳይቆፈሩ የቀሩት ምሰሶዎች ናቸው።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የጎበኘ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የጥንት ጠራቢዎች ለውስጡ ክፍል ምሰሶ ከሌላ ስፍራ አምጥተው አላቆሙም። ዓለቱን እየፈለፈሉ ሲገቡ ምሰሶ በሚሆነው ቦታ ላይ መሮአቸውን መለሱ እንጂ። ጣሪያውን ለዘመናት የተሸከመው ሳይነካ የቀረው ዓለት ነው።

ነገር ግን በአንድ ነገር ይለያያሉ። የቤተ መቅደስ ጠራቢ ምሰሶውን ትቶ ሲያልፍ የሚቀርበት ነገር የለም። ለማዕድን ባለቤት ግን እያንዳንዱ ምሰሶ ያልተሸጠ ከሰል፥ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ስለሆነም ምሰሶውን የማቅጠን፥ ዋሻውን የማስፋትና ከፍታውን የመጨመር ፈተና ዘወትር ከፊቱ ይደቀናል። ከምሰሶው ላይ ምን ያህል መቀነስ ይቻላል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ እስከ 1960 ድረስ በቂ መልስ የሚሰጥ ሳይንስ አልነበረም። ውሳኔው የሚሰጠው በልማድና በግምት ነበር።

ማስጠንቀቂያው

በኮልብሩክ የሆነውም ይኸው ነበር። ማዕድኑ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከሰል ያቀርብ ስለነበር ምርቱን ማሳደግ ተፈለገ። ለዚህም ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ፥ ቀደም ብሎ በተቆፈሩት ዋሻዎች ጣሪያ ላይ ቀርቶ የነበረውን ከሰል እንደገና እየሸረሸሩ ማውጣት ነበር። ዋሻው ወደ ላይ ባደገ ቍጥር በዙሪያው ያሉት ምሰሶዎችም አብረው ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ረጅምና ቀጭን ምሰሶ ደግሞ ከአጭርና ወፍራም ምሰሶ ይልቅ ደካማ መሆኑን ለማወቅ ጎጆ የቀለሰ ሰው ሁሉ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ከእልቂቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፥ ታኅሣሥ 18 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በማዕድኑ አንድ ክፍል ጣሪያው ተንዶ ነበር። ጉዳዩ ወደ መንግሥት የማዕድን ተቈጣጣሪዎች ሳይደርስ ሥራው ቀጠለ። ጥር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ጣሪያ መናድ ጀመረ። ድምፁን ሰምተው ወደ መውጫው የሮጡ ወዛደሮች በአለቆቻቸው ታዝዘው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ መደረጋቸውን ከአደጋው የተረፉት ተናግረዋል።

እዚህ ላይ የነዚያ ሰዎች ማንነት መረሳት የለበትም። አብዛኞቹ ያን ጊዜ ባሱቶላንድ ከሚባለው ከዛሬው ሌሶቶና ከሞዛምቢክ ለሥራ የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። በጊዜው የነበረው የአፓርታይድ አገዛዝ ለጥቁር ሠራተኛ የሥራ ማቆም አድማ ማድረግን ከልክሎ ነበር። ጣሪያው ሲሰነጠቅ የሰማው ጆሮ የወዛደሩ ነበር፤ የመወሰን ሥልጣን ግን በሌላ እጅ ነበር።

ምሽት ላይ ዋናው ናዳ ደረሰ። ወደ 900 የሚገመቱ ምሰሶዎች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተደረመሱ። 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመሬት ውስጥ ሥራ ተዘጋ። ለነፍስ አድን ሥራ ወደ ውስጥ የገቡት ቡድኖች በሚቴን ጋዝና በሚቀጥለው ናዳ ምክንያት ለመመለስ ተገደዱ። ከላይ ከመሬቱ ገጽ በመሰርሰሪያ ጉድጓድ ተበስቶ ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ወደ ታች ተላከ። ከታች የሰው ድምፅ አልተሰማም። በመጨረሻም ፍለጋው ተቋረጠ።

አንድ ምሰሶ ሲወድቅ

ስለምን አንድ ምሰሶ ብቻ ወድቆ አልቀረም? እያንዳንዱ ምሰሶ በቀጥታ ከራሱ በላይ ያለውን ዓለት ብቻ ሳይሆን፥ በዙሪያው ካሉት ዋሻዎች በላይ ካለውም ዓለት እኩሌታውን ይሸከማል። አንዱ ሲፈርስ ሸክሙ አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤቶቹ ይተላለፋል። ጎረቤቶቹ ተጨማሪውን ለመሸከም የሚያስችል ትርፍ ኃይል ካላቸው ናዳው እዚያው ይቆማል። እነርሱም ቀድሞውኑ በኃይላቸው ጠርዝ ላይ ከነበሩ ግን ይወድቃሉ፤ የእነርሱም ሸክም ወደ ቀጣዮቹ ይሄዳል። በመስመር ተሰልፎ ከባድ ግንድ በትከሻው የተሸከመ የወታደር ጓድ አንዱ አባሉ ቢወድቅበት የሚደርስበትን ያስቧል። ሁሉም ከአቅሙ በታች ተሸክሞ ከሆነ መስመሩ ይጸናል፤ ሁሉም ከነበረበት ጫና የተነሣ ጕልበቱ እየተብረከረከ ከሆነ ግን መስመሩ በሙሉ ይፈርሳል።

ሙታንንና ቋሚዎችን መቍጠር

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ምርምሩ በስፋት የተጀመረው ከእልቂቱ በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ከሰሉን በቤተ ሙከራ መፈተን ነው። ከማዕድኑ ትንሽ የከሰል ቍራጭ አምጥቶ በመጭመቂያ ማሽን ውስጥ በማድረግ እስኪደቅ ድረስ መጫን ይቻላል። ይሁን እንጂ ትንሿ ቍራጭ የምትሰጠው መልስ አሳሳች ነው። በተፈጥሮው ከሰል በብዙ ስንጥቅ የተከፋፈለ ሲሆን፥ ቍራጩ ባነሰ መጠን በውስጡ የሚገኘው ስንጥቅ ያንሳል። ስለዚህ ትንሹ ቍራጭ ከትልቁ ምሰሶ ይልቅ የጠነከረ መስሎ ይታያል።

ይህንኑ ለመረዳት በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነው ተመራማሪ ቢየንያቭስኪ በ1960ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዊትባንክ አካባቢ እዚያው ማዕድኑ ውስጥ፥ ጎናቸው እስከ 2 ሜትር የሚደርስ የከሰል ኩቦችን ቀርጾ በከፍተኛ ኃይል ተጫናቸው። ኩቡ ባደገ መጠን ጥንካሬው እየቀነሰ ሄዶ፥ ጎኑ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲደርስ መቀነሱን አቆመ። በዚህም ትልቅ የከሰል አካል ምን ያህል እንደሚችል በእርግጥ ታወቀ።

ሌላውን መንገድ የተከተሉት ትውልደ ሀንጋሪ የሆነው ሚክሎሽ ሳላሞንና ባልደረባው ሙንሮ ናቸው። እነርሱ ያሰቡት እጅግ ቀላል የሚመስል ነገር ነበር። በአገሪቱ ማዕድኖች ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ምሰሶዎች ለዓመታት ሸክማቸውን ችለው ቆመዋል፤ ሌሎችም ፈርሰዋል። እያንዳንዱ ማዕድን ራሱ ተፈጥሮ ያካሄደችው ታላቅ ሙከራ ነው ማለት ነው። ስለሆነም የ125 የማዕድን ክፍሎችን ልኬት ሰበሰቡ። ከእነዚህ መካከል 98ቱ የቆሙ፥ 27ቱ የፈረሱ ነበሩ። የየምሰሶውን ስፋትና ቁመት፥ ከመሬት ገጽ ያለውን ጥልቀትና የዋሻውን ስፋት በሒሳብ አገናዝበው ውጤቱን በ1967 አሳተሙ።

የሒሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የምሰሶው ስፋት በእጥፍ ቢጨምር በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የሚችለው ጫና በ38 ከመቶ ያህል ያድጋል። ቁመቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን የሚችለው ጫና በ37 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። የምሰሶው ኃይል ለተጫነበት ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር የደኅንነቱ መለኪያ ነው። ቍጥሩ 1 ከሆነ ሸክሙና ኃይሉ እኩል ናቸው፤ ከፈረሱት ምሰሶዎች የሚበዙትም በዚሁ ዙሪያ የተገኙ ነበሩ። ከቆሙት ግማሽ ያህሉ ደግሞ በ1.3 እና በ1.9 መካከል ይገኙ ነበር። ከዚህ በመነሣት ለዋና ዋና ሥራዎች ቢያንስ 1.6 እንዲሆን ተመከረ። በሌላ አነጋገር ምሰሶው ከሚሸከመው በላይ 60 ከመቶ የሚሆን ትርፍ ኃይል ሊኖረው ይገባል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ጎኑ 12 ሜትር የሆነ ምሰሶ፥ በመካከላቸው 6 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋሻዎች ባሉበት፥ በ100 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሟል እንበል። አንድ ኩቢክ ሜትር ዓለት 2 ተኩል ቶን ያህል ስለሚመዝን፥ የዋሻዎቹም ድርሻ ሲጨመር በምሰሶው እያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ 560 ቶን ያህል ይጫናል። የምሰሶው ቁመት 3 ሜትር ከሆነ ወደ 1100 ቶን ሊችል ይችላል፤ መለኪያው ወደ 2 ይጠጋል፤ ሥጋት የለም። አሁን ከጣሪያው ተጨማሪ ከሰል ወጥቶ ቁመቱ 5 ሜትር ይሁን። የምሰሶው ኃይል ወደ 800 ቶን ይወርዳል፤ መለኪያውም ወደ 1.4 ዝቅ ይላል። ይኸው ሥራ በ150 ሜትር ጥልቀት ቢካሄድ ግን ሸክሙ ከ840 ቶን ስለሚያልፍ መለኪያው ከ1 በታች ይሆናል። የምሰሶው ስፋት በአንድ ጣት እንኳ አልተነካም። ዓይን ያየው ለውጥ ዋሻው ትንሽ ከፍ ማለቱን ብቻ ነው። ሒሳቡ ግን የሞት ፍርድ ሆኗል።

«ትርፉ» ብክነት አይደለም

ይህ ምርምር የለወጠው አንድ መሠረታዊ አስተሳሰብ ነው። ቀድሞ በምሰሶው ውስጥ የቀረው ከሰል እንደ ብክነት ይቈጠር ነበር። ሳላሞንና ሙንሮ ያሳዩት ግን ከሚያስፈልገው በላይ የመሰለው ውፍረት ራሱ የሥራው አካል መሆኑን ነው። በዓለቱ ውስጥ ያልታየ ስንጥቅ፥ በቈፋሪው እጅ ከተወሰነው በላይ የተሸረሸረ ጎን፥ በጊዜ ብዛት የሚረግፍ ገጽ፥ የጎረቤት ምሰሶ መውደቅ፥ እነዚህ ሁሉ የሚካካሱት ከዚያ ትርፍ ነው።

ሒሳቡም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አልሆነም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፥ ኮልብሩክ በሚገኝበት በቫል ወንዝ አካባቢ ያለው ከሰል ከሌሎቹ የደቡብ አፍሪካ ከሰሎች ይልቅ ደካማ ነው። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የተገኘ ቍጥር በሌላ ስፍራ ሳይመረመር በሥራ ላይ ሊውል አይገባም። በሒሳብ የታወቀውንም በየዕለቱ በዓይንና በጆሮ መከታተል ግዴታ ነው።

የመከታተሉን ጉዳይ ሕግ እስኪቀበለው ድረስ ግን ረጅም ዓመታት ወስዷል። የአፓርታይድ አገዛዝ በ1994 ካከተመ በኋላ፥ በ1996 በደቡብ አፍሪካ የወጣው የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ፥ አንድ ሠራተኛ የሚሠራበት ቦታ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አደገኛ መሆኑን በበቂ ምክንያት ሲያምን ቦታውን ለቆ የመውጣት መብት እንዳለው ደነገገ። በኮልብሩክ ወደ መውጫው ሮጠው የተመለሱት ወዛደሮች ያጡት መብት ይህ ነበር። ከእነርሱ ሞት እስከ ሕጉ መውጣት ድረስ 36 ዓመታት አለፉ።

አካፋ ለያዘ ሁሉ

አንባቢ «እኛ የከሰል ጉድጓድ ቈፋሪዎች አይደለንም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ለቤት ሥራ የሚሆን አሸዋና ድንጋይ የሚያወጣው የከተማ ነዋሪ፥ ወርቅ ፍለጋ ጠባብ ጉድጓድ ቈፍሮ ከታች ወደ ጎን የሚገባው የገጠር ሰው፥ ምሽግ የሚቈፍረው ወታደር፥ ሁሉም ከዚያው የተፈጥሮ ሕግ በታች ናቸው።

የወታደሩን ምሽግ እንውሰድ። ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ስፋቱ 2 ሜትር በሆነ የምሽግ ጣሪያ ላይ 1 ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢደለደል፥ ክብደቱ እንደ አፈሩ ዓይነትና እንደ እርጥበቱ ከ9 እስከ 12 ቶን ይደርሳል። በበጋ በደረቅ አፈር የተሠራ ጣሪያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ሸክሙ ይጨምራል፤ ግድግዳው ደግሞ ርሶ ይደክማል። ስለዚህ ማገሩን በበጋው ክብደት ልክ ያቆመ ሰው ለክረምቱ ምንም አላስቀረም። ትርፍ ኃይል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሸዋ በሚወጣበት ስፍራም ከሁሉ የከፋው ልማድ ገደሉን ከሥሩ እየቦረቦሩ መግባት ነው። ከላይ ያለው አፈር ሳይነካ ከታች ሲሸረሸር ሥራው ይቀላል፤ አሸዋውም በራሱ ይወርዳል። ነገር ግን ቈፋሪው በገዛ እጁ የገዛ ጣሪያውን ምሰሶ እየወሰደ ነው። አንድ ኩቢክ ሜትር አፈር ከ1 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ በሰው ደረት ላይ ቢያርፍ መተንፈስን ይከለክላል። ጥንቃቄው ከላይ ወደ ታች በደረጃ እየቀነሱ መቈፈር፥ የተቈፈረውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቆ መድፋት፥ ከዝናብ በኋላ ግድግዳውን ሳይመረምሩ አለመግባት፥ ብቻንም አለመቈፈር ነው።

የሚናድ መሬትም ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ከጉድጓዱ አፍ በላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል። ከጣሪያው ወይም ከግድግዳው አፈር በጥቂት በጥቂቱ መርገፍ ይጀምራል። ድጋፍ የሆነው እንጨት ይጎብጣል፥ ይጮኻል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ወይም የሰማ ሰው በመጀመሪያ መውጣት፥ ከዚያ በኋላ መመርመር እንጂ ሥራውን እየጨረሰ መመልከት የለበትም። አለቃውም «ፈሪ» ብሎ ሊመልሰው አይገባም። በኮልብሩክ የተመለሱት ፈሪዎች አልነበሩም፤ በትክክል የሰሙ ነበሩ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የምሰሶ ሳይንስ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አላስተማረም፤ ቅጠሉ ምን ያህል መሆን እንዳለበት በቍጥር ለክቶ ነው የሰጠን። ያ ቍጥር የተገኘው ግን ከ27 የፈረሱ የማዕድን ክፍሎች፥ ከእነርሱም ከአንዱ በታች ተቀብረው ከቀሩ ከ430 በላይ የሰው ልጆች ነው። ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሏል። ዛሬ ምሽጉን የሚያደላድለው ወታደርና አሸዋ የሚያወጣው ወጣት ሊያስታውሱት የሚገባው፥ ያንኑ ዋጋ ሁለተኛ ለመክፈል እንደማይገደዱ ነው። ከመቈፈራችሁ በፊት ጣሪያውን የሚሸከመው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚሸከመውንም አትንኩ።